ጠገራውን ከማስቀለጥዎ በፊት

በሣጥንዎ ጥግ በጨርቅ ተቋጥሮ የተቀመጠ ጠገራ ብር ካለ ያውጡትና ዓመቱን ያንብቡ። 1780 ይላል። የጎረቤትዎም 1780 ነው። ገጠር ያሉት ዘመድዎ ያስቀመጡት፣ አንጥረኛው በመስታወት ሣጥኑ ውስጥ የደረደረው፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ ያው 1780 ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ሁለት መቶ አርባ ዓመት የሞላው ቅርስ አለኝ» ይላል። ብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት ግን ብሩ የተሠራበት ዓመት ላይሆን ይችላል። እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ አይደለም።

ብሩ ላይ መልካቸው የተቀረጸው የኦስትሪያዋ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1780 አረፉ። ነጋዴው ግን መልኩን ለምዶታል፤ ሌላ መልክ፣ ሌላ ዓመት ሲያይ ይጠራጠራል። ስለዚህ ዓመቱ እዚያው 1780 ላይ ቆሞ ብሩ መሠራቱን ቀጠለ። በመጀመሪያ ቪየና፣ ሚላን፣ ቬኒስና ፕራግ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራሰልስ፣ በርሚንግሃምና ቦምቤይ ሠርተውታል። በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ ተመቷል። ቪየና ዛሬም ለሚፈልግ ሰው ትሠራለች፤ ዓመቱ አሁንም 1780 ነው።

ከእነዚህ ከተሞች ሮምን ለይቼ ላነሣ እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ አገራችን ውስጥ የሚታመነው ገንዘብ ጠገራ መሆኑን ያውቅ ነበር። ከኦስትሪያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ጠገራ የመሥራትን መብት ለ25 ዓመት ወሰደ፣ የማተሚያ ብረቶቹንም ወደ ሮም አስመጣ። በማግስቱ ዓመት እንግሊዞች በበኩላቸው ለንደን ላይ መምታት ጀመሩ። ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት ጦርነቱ ሲካሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941፣ ቦምቤይም ሠራች። እንግዲህ አንድ ዓይነት መልክ፣ አንድ ዓይነት ዓመት ያላቸው ሁለት ብሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንደኛው ለወረራው፣ ሌላው ወራሪውን ለማስወጣት የተሠራ ሊሆን ይችላል። አያትዎ አርበኛ ከነበሩ ይህ ቀላል ነገር አይመስለኝም።

ታዲያ በምን ይለያል? በጥቃቅን ነገር። እነዚህን ጥቃቅን ነገሮች ለማየት ደግሞ ሳንቲም እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል።

ሳንቲም የሚሠራው በሁለት ጠንካራ የብረት ማተሚያዎች መካከል ነው። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። በሁለቱም ፊት ላይ ምስሉ ተገልብጦ ተቀርጿል፤ በሳንቲሙ ላይ ጎልቶ የሚታየው ነገር በማተሚያው ላይ ጎድጎድ ያለ ነው። ምንም ያልተጻፈበት ክብ ብር በመሃል ይገባል፣ ማሽኑ በኃይል ይመታዋል፣ ሳንቲሙ ይወጣል። ማተሚያው ይህን ሥራ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋግማል። ብረት ነውና ይደክማል። አንድ ቀን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚመታው ብር ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ሳንቲሙም ላይ ጎልቶ የወጣ ቀጭን መስመር ይተዋል። ስንጥቁ ይረዝማል፣ ይሰፋል። ማተሚያው ካልተቀየረ በመጨረሻ ጠርዙ ላይ ቁራሽ ይነሣለታል፤ በዚያ ቦታ ሳንቲሙ ምስል የሌለው እብጠት ይይዛል።

እኔን ከሁሉም የሚያስደስተኝ ይህ ነው። ዓመቱ የቆመ ሳንቲም ስንጥቁ ይናገራል። ከአንድ ማተሚያ የወጡ ሦስት ብሮች ቢያገኙ፣ ስንጥቅ የሌለበት መጀመሪያ፣ አጭር ስንጥቅ ያለበት ቀጥሎ፣ ስንጥቁ ጠርዝ የደረሰበት መጨረሻ እንደተመታ ያውቃሉ። ቀን ያልተጻፈባቸውን የጥንት ሳንቲሞች የሚያጠኑ ምሁራን ቅደም ተከተል ከሚያወጡባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ስንጥቅ ወደ ኋላ አይመለስም።

ስንጥቅና ጭረትን ማምታታት ግን ቀላል ነው። መለያው አንድ ብቻ ነው። ስንጥቅ የሚባለው ከሳንቲሙ ፊት ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ጭረት ወደ ውስጥ ይገባል። አምፖሉን ከጎን አድርገው፣ ብሩን ቀስ እያዘነበሉ በአጉሊ መነጽር ይዩት። 10 እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። ከፍ ያለው መስመር ብርሃኑን በአንድ በኩል ይቀበላል፣ በሌላው ጥላ ይጥላል። የገባው መስመር የዚህ ተቃራኒ ነው። ከአምስት ደቂቃ ልምምድ በኋላ ልጆች ከእኛ ይቀድማሉ፤ የእኛ ዓይን አርጅቷል፣ የእነሱ ግን ገና ነው።

የቀደሙት ወገኖቻችን ለዚህ ዓይነት ምርመራ እንግዳ አልነበሩም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአገራችን የተዘዋወሩ አውሮፓውያን እንደጻፉት ገበያተኛው ጠገራውን ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። የእቴጌይቱን የራስ ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ ትከሻቸው ላይ ያለውን የብሮሽ ጌጥ ነጠብጣቦች ይመለከታል፣ ከደረታቸው በታች ኤስ እና ኤፍ የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ጥርት ብለው መውጣታቸውን ያረጋግጣል። ያላማረውን ይመልሳል። ተጓዦቹ ይህን እንደ ግትርነት ቆጥረው ያማርሩ ነበር። እኔ ግን ማንበብ የማይችል ገበሬ በባዕድ ፊደል የተጻፈ ገንዘብን በዕንቁ ቆጠራ መፈተሹ ትልቅ ዕውቀት ይመስለኛል። ዛሬ ሰብሳቢዎች በየትኛው ከተማ እንደተሠራ የሚለዩት በዚያው መንገድ ነው፤ ዕንቁዎቹን፣ ብሮሹን፣ የንስሩን የጅራት ላባዎች፣ በጠርዙ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍና ጌጥ እያነጻጸሩ። በነገራችን ላይ የጠርዙ ጽሑፍ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት አክስቴ አርፋ፣ አርባዋ ከወጣ በኋላ ልጆቿ ሣጥኗን ከፈቱ። በነጠላ ቁራጭ የታሰሩ 11 ጠገራዎች ተገኙ። ልጆቿ አራት ናቸው። አሥራ አንድን ለአራት ማካፈል አይመችም፤ ስለዚህ ታላቅየው «አንጥረኛ ዘንድ ወስደን በሚዛን ይሽጥልን፣ ወይም አቅልጦ ለየልጆቻችን መስቀል ይሥራልን» አለ። ትንሿ አለቀሰች። ሁለተኛዋ ደግሞ ለመሸጥ እንዲያምሩ ብላ ሦስቱን በሎሚና በአመድ ፈትጋቸው ነበር። ነገሩ ወደ ጠብ ሲያመራ ወደ እኔ ደወሉ፤ በቤተ ዘመዱ ሳንቲም የምሰበስብ እኔ ብቻ ነኝና።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ ዘርግተን ተቀመጥን። መጀመሪያ በወርቅ ቤት ሚዛን መዘንናቸው። ትክክለኛ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺው 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፣ ማለትም በእያንዳንዱ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ ብር አለ። አሥራ አንዱም ደህና ናቸው። ሁለቱ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶ የተነሣበት ጠባሳ ነበር፤ በአንድ ወቅት አንገት ላይ ውለዋል። እነዚህ ለሰብሳቢ ዋጋቸው ይቀንሳል። ለቤተሰብ ግን ምናልባት ከሁሉ የሚበልጡት እነሱ ይሆናሉ፤ የአክስቴ እናት በክር አድርጋ ትለብስ እንደነበር ትልቋ ልጅ ታስታውሳለች።

ከዚያ በአጉሊ መነጽር አየናቸው። በጀርባቸው፣ ባለ ሁለት ራስ ንስሩ ባለበት በኩል፣ ሁለቱ ላይ ከክንፉ ጫፍ ወደ ጠርዙ የሚሄድ ቀጭን ከፍ ያለ መስመር አገኘን። በአንደኛው ላይ መስመሩ ክንፉን አልፎ ይቆማል፤ በሌላው ጠርዙን ነክቷል። ቦታው አንድ፣ አቅጣጫው አንድ ነው። ከአንድ ማተሚያ የወጡ ናቸው፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ። የትንሿ ልጅ ልጅ፣ የ9 ዓመት ልጅ ነው፣ ነበር መጀመሪያ ያየው። «እነዚህ መንትያ ናቸው» አለ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማጋነን አልፈልግም። ከአንድ ማተሚያ በሺዎች የሚቆጠር ብር ይወጣል። ግን አስቡት፤ ሁለት ብሮች አውሮፓ ውስጥ ከአንድ ማሽን ወጥተው፣ በአንድ ከረጢት ባሕር ተሻግረው፣ በስንት እጅ አልፈው አሁንም አንድ ነጠላ ቁራጭ ውስጥ ታስረው መገኘታቸው አብረው የተከፈሉ መሆናቸውን በብርቱ ያስገምታል። በአንድ ጊዜ፣ ለአንድ ነገር። ለጥሎሽ ይሁን ለበሬ ዋጋ ማንም የሚያውቅ አልቀረም። ትልቋ ልጅ «እናቴን ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ» አለች፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ለጥቂት ጊዜ አልተናገረም።

በመጨረሻ ታላቅየው ድርሻውን በሚዛን ሸጠ፤ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበረበት፣ ማንም አልወቀሰውም። የወሰደው ግን የተፈተጉትን ሦስቱን ነው። መንትዮቹ አልተለያዩም።

የመፈተግን ነገር ካነሣሁ አይቀር ልቆይበት። ብር ሲያረጅ ይጠቁራል። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፤ በአየር ውስጥ ካለ የድኝ ውሑድ ጋር ሲገናኝ የሚለብሰው ስስ ንብርብር ነው። በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና ሲፈተግ ከንብርብሩ ጋር የብሩም ፊት ይሄዳል። ቀጭኑ ስንጥቅ፣ የዕንቁው ነጠብጣብ፣ የላባው ጫፍ፣ ከየት እንደመጣ የሚነግሩን ነገሮች ሁሉ የሚጠፉት መጀመሪያ ነው። ሰብሳቢ የተፈተገ ብር ሲያይ ወዲያው ያውቃል፤ ብልጭታው የውሸት ነው። ጭቃ ካለበት ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ሳይፈትጉ በለስላሳ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ በቂ ነው። ለበዓል እንደ ሲኒ ረከቦት መወልወል የለበትም።

ጠገራ የሌለው ቤት ሳንቲም አያጣም። ዓመቱ የቆመውም ጠገራ ብቻ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ላይ ፲፱፻፴፮ የሚል አለ። እነዚህ መጀመሪያ የተሠሩት አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ነው፤ ከዚያ በኋላ በተከታታይ ዓመታት ሲሠሩም ዓመቱ 1936 እንደሆነ ቀረ። ሽልንግ የምንላትን የብር 50 ሳንቲም ይውሰዱ። የመጀመሪያዎቹ ከሺው 800 እጅ ብር ነበራቸው፤ ቀጥሎ የመጡት 700 ብቻ። መልካቸው አንድ፣ ዓመታቸው አንድ። ስሙኒ፣ የመዳቡ 25 ሳንቲም፣ ደግሞ መጀመሪያ ሙሉ ክብ ነበረ፤ ከ50 ሳንቲሙ ጋር እየተመሳሰለ ስላስቸገረ በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተሸረሸረ። ክቡን ስሙኒ ካገኙ ያስቀምጡት። ከተሸረሸሩትም መካከል አቆራረጡ ሸካራ የሆነና የጠራ አለ፤ እኔ ሸካራውን እወዳለሁ፣ የእጅ ሥራ ይመስላል።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር ላይ ደግሞ አንበሳውን ይመልከቱ። ፓሪስ ላይ በተመቱት በእነዚህ ብሮች አንበሳው መስቀል ያለበትን ዘንግ ይዞ ይራመዳል። በአንዳንዶቹ የግራ የፊት እግሩን፣ በሌሎቹ የቀኙን አንሥቷል። ይህ የስንጥቅ ጉዳይ አይደለም፣ ማተሚያው እንደገና ሲቀረጽ የተደረገ ለውጥ ነው። ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ስለተጻፈ ለልጅ ልጆችዎ የግእዝ ቁጥር ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ደብተር አላገኘሁም። ፲፰፻፹፯ን በብር ላይ ያነበበ ልጅ አይረሳውም።

ለልጆች የሚሆን ርካሽ ጨዋታ ደግሞ አለ። በደርግ ዘመን የወጡትን ሳንቲሞች ከየመሳቢያው ይሰብስቡ፤ ገበሬው በበሬ የሚያርስበት 1 ሳንቲም፣ ወታደሩ ያለበት 5፣ የደጋ አጋዘን ያለበት 10። ፲፱፻፷፱ የሚል ነው የሚፈለገው። ገልብጠው የአንበሳውን አገጭ ያሳዩአቸው። በአንዳንዱ ሳንቲም የአገጩ ፀጉር እኩል ነው፤ በሌላው በግራ በኩል ሁለቱ ከሌሎቹ ረዝመው ይወርዳሉ። ከተለያዩ ማተሚያ ቤቶች ስለመጡ ነው። ቤት ውስጥ 50 ሳንቲም ካለ አንድ ከሰዓት በኋላ ያለ ስልክ ያልፋል። ትንሽ ማግኔት ካለ ደግሞ ይጨምሩበት፤ የቀድሞዎቹ አይያዙም፣ የቅርብ ዓመታቱ ብረት ላይ የተለበጡ ስለሆኑ ይሳባሉ። ይህ ጨዋታ ማንንም ሀብታም አያደርግም። የአንበሳውን ፀጉር የቆጠረ ልጅ ግን ነገ የአያቱን ጠገራ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፈውም።

አሜሪካ ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው። ኢትዮጵያ የ1936ቱን ሳንቲሞች ያሠራችበት የፊላደልፊያ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1955 ጽሑፉና ዓመቱ ድርብ ሆኖ የተቀረጸበት ማተሚያ ለአንድ ሳንቲም ተጠቅሞ ነበር። ስሕተቱ ሲታወቅ ከ20,000 በላይ ሳንቲሞች ከሚሊዮኖች ጋር ተቀላቅለው ስለነበር እንዲሁ ተለቀቁ። አንዳንዶቹ በሲጋራ ፓኬት ውስጥ መልስ ሆነው ለሰው ደርሰዋል። ከዚያ ቀደም፣ በ1937፣ ዴንቨር ላይ አንድ ሠራተኛ የማተሚያውን ጭረት ለማጥፋት ሲሞርድ የጎሹን አንድ እግር አብሮ ሞረደው፤ ባለ ሦስት እግር ጎሽ ያለበት 5 ሳንቲም ወጣ። ሁለቱም ዛሬ ውድ ናቸው። ውድ በመሆናቸውም ከባለ አራት እግሩ ጎሽ አንዱን በሞረድ የሚያነሡ አታላዮች አሉ።

ማታለል ካነሣን፣ የልጅ ልጆቻችን በስልክ የሚያሳዩንን ቪዲዮ ሁላችንም አይተናል። «ይህ የጃንሆይ ሳንቲም ካለዎት ሚሊየነር ነዎት»። ቁጥር ይጽፋሉ፣ ደውሉ ይላሉ፣ ከዚያ «ለምዝገባ» ወይም «ለመላኪያ» መጀመሪያ ገንዘብ ላኩ ይላሉ። ሳንቲም ሊገዛ የመጣ ሰው ገንዘብ ይሰጣል እንጂ አይጠይቅም። ስንጥቅ ያለበት ሁሉም ውድ ነው የሚለውም ውሸት ነው፤ ትንንሽ ስንጥቆች ብዙ ናቸው፣ አብዛኛዎቹ በዋጋ ላይ የሚጨምሩት ጥቂት ወይም ምንም ነው። ገበያ ላይ የሚፈለገው ጉልህ ነው፤ ምስሉን የበላ እብጠት፣ በዓይን የሚታይ ድርብ ጽሑፍ። ለአንድ ጠገራ ከብሩ ክብደት በታች የሚሰጥዎትን ግን በፍጹም አይቀበሉ፤ 23 ግራም ብር በዕለቱ ዋጋ አባዝተው ይሂዱ። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ለመላክ ያሰበ ሰውም ቅርስ ከአገር ማውጣት ፈቃድ እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ይወቅ፤ ኤርፖርት ላይ ከመሟገት ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ማስቀመጫውን በተመለከተ፣ ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት ይቅር። ውሎ አድሮ ብሩ ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል። እያንዳንዱን ለብቻው በደረቅ የወረቀት ፖስታ ያድርጉ፤ ሲያወጡት ፊቱን ሳይሆን ጠርዙን ይያዙ። ፖስታው ላይ፣ ብሩን ከመክተትዎ በፊት፣ በእርሳስ የማን እንደነበረ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደነገረዎት ይጻፉ። የሚያውቁት ሽማግሌ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ይደውሉላቸው፤ የጥሎሹን ይሁን የበሬውን፣ እሳቸው የሚሉትን እንዳሉት አድርገው ይጻፉት።